የህዋ ጣቢያን መከታተል ወይስ የጣሳ ሳተላይት መሥራት?

ጎንደር ውስጥ የሳይንስ ክበብ ለያዘ መምህር ጥያቄው ይሄ ነው። ልጆቹ ፕሮግራሚንግን በህዋ ፕሮጀክት ይማሩ ከተባለ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዓለም አቀፉን የህዋ ጣቢያ ይከታተሉ ወይስ «ካንሳት» የሚባለውን፣ የለስላሳ ጣሳ የሚያህል የማስመሰያ ሳተላይት ይሥሩ?

ወጪ፦ ለፓይተኑ ኮምፒውተር ካለ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። ካንሳት አርዱይኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ሴንሰር፣ ባትሪና ፓራሹት ይፈልጋል። ፓራሹቱን ፒያሳ ያለ ልብስ ሰፊም ይሰፋዋል።

ቅለት፦ ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ በ90 ደቂቃ አካባቢ ምድርን ይዞራል። ተማሪው የጎንደርን ኬክሮስና ኬንትሮስ ያስገባል፤ ኮዱ የሚያልፍበትን ሰዓት ያወጣል። ሰማዩ ከጠራ፣ ሲመሽ ወይም ሊነጋ ሲል በዓይኑ ያየዋል።

ካንሳት እልህ ያስጨርሳል፤ እኔ ግን የምወደው ለዚሁ ነው። ሴንሰሩ የአየር ግፊት ይለካል፤ ኮዱ ወደ ከፍታ ይቀይረዋል። መነሻው የባሕር ወለል ግፊት፣ 1013 ሄክቶፓስካል፣ ከሆነ ጣሳው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ከ2000 ሜትር በላይ ያሳያል። ልጆቹ «ተበላሸ!» ይላሉ። አልተበላሸም፤ ጎንደር ያለችው እዚያ ነው። ከመሬት ያለውን ከፍታ ለማወቅ የግቢውን ግፊት መነሻ ማድረግ አለባቸው።

ስጋት፦ መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፑ ቀጥ ይላል። ጣሳው በባትሪ ይሠራል፤ ግን ወድቆ ይሰበራል። ጣሳውን ከላይ ለመልቀቅ ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብ፤ ፎቅ ይበቃል።

ተማሪው ብዙ፣ በጀቱ ባዶ ከሆነ ፓይተን። ጥቂት ልጆችና የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ የሚችል መምህር ካሉ ካንሳት።