ሮም ወይስ ቪየና? ከቦሌ ለሚነሳ መንገደኛ

ለሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ሁለቱም በአንድ ቪዛ በሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም ሸንገን ውስጥ ናቸው፤ የቪዛው ክፍያም ለአዋቂ ሰው ያው 90 ዩሮ ነው። ምርጫው የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው።

ሮም ላይ ቴርሚኒ ከሚባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ስትወጡ የምታገኙት አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሻንጣ እየጎተቱ ይህን ስም ማንበብ ለእኛ ሰው የተለየ ስሜት አለው። ብቻ ስሜቱ ቦርሳችሁን እንዳያስረሳችሁ፤ ጣቢያውና ሜትሮው ኪስ አውላቂ የሚበዛበት ነው።

ቪየና ስትደርሱ እንዲህ ያለ ታሪክ አይቀበላችሁም። ከአየር ማረፊያው አረንጓዴው ፈጣን ባቡር በ16 ደቂቃ መሀል ከተማ ያደርሳል፤ ኤስ 7 የሚባለው ተራ ባቡር ደግሞ እዚያው ጣቢያ ያወርዳችኋል፣ ትንሽ ይዘገያል፣ ዋጋው ግን በብዙ ይቀንሳል። እኔ ሁልጊዜ ኤስ 7ን ነው የምመርጠው።

በማየት ደረጃ ሮምን የሚስተካከል የለም። ኮሎሲየም፣ ፓንቴዮን፣ ቫቲካን፣ ሁሉም በእግር ይደረሳል። ፓንቴዮን ከ2023 ጀምሮ የመግቢያ ክፍያ አለው፤ የቫቲካን ሙዚየም በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነጻ ነው፤ ነጻ ስለሆነም ሰልፉ አይጣል ነው። ቪየና ሾንብሩን ቤተ መንግሥትና የሠዓሊው ክሊምት «መሳም» የተባለው ሥዕል የተሰቀለበት ቤልቬደሬ ሙዚየም አሏት፤ ኦፔራው ደግሞ ቆሞ ለሚያይ ሰው በርካሽ ትኬት ይሸጣል። ቆንጆ ነው፤ ግን በሦስት ቀን የሚጠገብ ቆንጆ ነው።

ነዋሪው ጋ ስትመጡ ሚዛኑ ይገለበጣል። የሮም ሰው አውቶቡሱን ያማርራል፣ ቆሻሻውን ያማርራል፣ መሀል ከተማው ለእንግዳ በሚከራዩ ቤቶች መዋጡን ያማርራል፤ እውነቱን ነው። ቪየና ውስጥ ግን ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በማዘጋጃ ቤት ወይም በድጎማ በተሠራ ቤት ነው። የዓመቱ የትራንስፖርት ትኬት ከ2012 እስከ 2025 መጨረሻ 365 ዩሮ፣ ማለትም በቀን አንድ ዩሮ ነበር። የሜትሮው መግቢያ ትኬት የሚፈትሽ በር የለውም፤ ዝም ብላችሁ ትገባላችሁ። ታዲያ ትኬት ሳትቆርጡ ተቆጣጣሪ ከያዛችሁ ቅጣቱ ከ100 ዩሮ ይበልጣል። የቪየና ሰው ኮስታራ ነው፤ ፈገግታ ከፈለጋችሁ ሮም ሂዱ።

ቡናው ላይ ልቆይ፤ የኛ ሰው ሳይጠይቅ የማያልፈው እሱን ነውና። ሮም ውስጥ ማኪያቶ የሚጠጣው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ነው። ብዙ ቤት መጀመሪያ ሒሳብ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኙን ታሳያላችሁ፣ በሁለት ጉንጭ ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ። ቱሪስት በሚበዛበት አደባባይ ከተቀመጣችሁ ግን የዚያው ስኒ ዋጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ቪየና ውስጥ አስተናጋጁ ሜላንዥ የሚባለውን የወተት ቡና በትሪ ያመጣዋል፤ ከጎኑ የውሃ ብርጭቆ፣ ብርጭቆው አፍ ላይ የተጋደመ ማንኪያ። በአንድ ስኒ ሁለት ሰዓት ጋዜጣ ብታነቡ ማንም አያስነሳችሁም። ውሃውም ከአልፕስ ተራራ በቧንቧ የሚመጣ ነው። የሮም ውሃም አይታማም፤ መንገድ ላይ ናሶኒ የሚባሉ 2,500 ያህል ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈሳሉ። አፉን በጣት ስትደፍኑት ከላይ ካለችው ቀዳዳ ውሃው ሽቅብ ይፈናጠራል፤ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከኮሎሲየም ይበልጥ የሚወዱት ይህን ነው።

ጾም ላይ ለሚጓዝ ሰው ሮም ገነት ናት። ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለበትም። ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮ ስታዙ «ሴንሳ ፎርማጆ»፣ ያለ አይብ፣ በሉ። ቪየና ሽኒትዝል የሚባለው የተጠበሰ ሥጋና ቋሊማ ናት፤ ጾመኛ ናሽማርክት ገበያ ሄዶ ፈላፍል ይፈልግ።

የመጀመሪያ የአውሮፓ ጉዞው ለሆነ፣ አራት ቀን ላለውና እግሩ ለማይደክም ሰው ሮምን እላለሁ፤ ነሐሴን ብቻ ተዉት፣ ሙቀቱ ያቃጥላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቱን ይዞ ለሚሄድ ግን ያለ ጥርጥር ቪየና፤ የሮም ኮብልስቶን ለእሳቸው ቅጣት ነው። ቪየና ውስጥ እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ስጦታ የምትገዙት ቅዳሜ ይሁን።

ሁለቱንም ላለ፣ ከቪየና ማታ ተነስቶ ጠዋት ሮም የሚገባ ባለ መኝታ ባቡር አለ፤ አንድ የሆቴል አዳር ያተርፋል። ቪዛውን ደግሞ ብዙ ሌሊት ከምታድሩበት አገር ኤምባሲ ጠይቁ።