የእናቴን ሎቲ ይዤ ደብረ ብርሃን

እናቴ የሰጠችኝ የወርቅ ሎቲ የአንዱ መንጠቆ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አይደል፣ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ አንድ ቀን አዲስ አበባ ወርቅ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሚዛን ላይ ጣል አድርጎ «አሮጌ ነው፣ በአዲስ ለውጪው» አለኝ። ካራቱን ስጠይቀው ሳይፈትን «18» አለ። ቅር ብሎኝ ወጣሁ።

ለገና ቤተሰብ ጋ ስሄድ ደብረ ብርሃን ገበያው አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። አንጥረኛው ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ብርድ ጋቢ ደርበው ይሠራሉ። ሎቲውን ጥቁር ድንጋይ ላይ ጫር አደረጉት። ከጎኑ በ18 ካራት ወርቅ ሌላ መስመር ጫሩና አሲድ ጠብ አደረጉበት። የ18ቱ መስመር ደበዘዘ። የእናቴ ንቅንቅ አላለም። «21 ነው ልጄ» አሉኝ። ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ ነው ማለት ነው። አንዳንዱን የሱቅ ወርቅ ቀላ የሚያደርገው መዳቡ ነው፤ ይሄኛው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው።

«እንግዲያው አቅልጠው ቀለበት ይሥሩልኝ» አልኳቸው። ሎቲውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጉንጉኑን አሳዩኝ። «ማቅለጥስ ቀላል ነው። እንዲህ የሚጎነጉን እጅ ግን ከየት ታመጫለሽ?» ቀለበት ቢሠሩ እኮ የእጅ ዋጋው ይበልጥላቸው ነበር። አመንኳቸው፤ መንጠቆውን ብቻ እንዲጠግኑልኝ ሰጠኋቸው።

ጠረጴዛቸው ላይ ከሰም የተሠራች ቀለበት ነበረች፣ የአውራ ጣት አሻራ ሳይቀር ያረፈባት። በጭቃ ይለብጧታል፣ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶው ላይ ወርቅ ይፈሳል። ሰምና ወርቅን ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ተፈትኜበታለሁ፤ ሰሙን በዓይኔ ያየሁት ግን ገና አሁን ነው!

ሎቲው ሲገባ 6.2 ግራም፣ ሲወጣ 6.3። የጨመሩትን ሽቦ ለብቻው መዝነው አሳይተውኛል።

ቀጠሮ ላይ ግን ተስፋ አታድርጉ። «ነገ ነይ» ያሉኝ ሦስት ቀን ሆነ። ወንበርም አንድ ነው፣ እሱም የእሳቸው። ቆሜ ነው የጠበቅሁት።

አሁን ሎቲው ጆሮዬ ላይ ነው። አዲሱ መንጠቆ ትንሽ ይቆረቁራል። ለጥምቀት ስመለስ አስሞርደዋለሁ።