ከሄርማታ ገበያ ጀርባ የሚፈላው የጀበና ቡና

ጅማን ለመጎብኘት የሚመጣ እንግዳ ዘወትር በቅድሚያ የሚወሰደው ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም የከተማው ነዋሪ ራሱ አረፍ የሚልበትን ቦታ ማየት ለሚሻ ሰው፣ ሐሙስ ገበያው ሲደምቅ ከሄርማታ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ገብቶ፣ ስም ባልተጻፈባት አንዲት የጀበና ቡና ቤት እንዲቀመጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ቡናው የሚታጠበውም የሚቆላውም እንግዳው ፊት ነው። የሚያፈሉት እናት ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ምጣዱን ከከሰሉ ላይ ፈጥነው ያነሣሉ፤ ይህ ትልቅ ሙያ ነው፤ በብዙ ቦታ ቡናው እስኪያር ስለሚቆላ የራሱ ጣዕም ጠፍቶ ምሬቱ ብቻ ይቀራልና። አቦሉ ወፍራም ሆኖ ምላስ ላይ ይቆያል፤ ጤና አዳም ለጠየቀ ይቀርብለታል፣ እኔ ግን ያለ ምንም ጭማሪ መጠጣቱን እመርጣለሁ። መቀመጫው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ሲሆን፣ ከመቀመጥ ብዛት መሐሉ ልሞ ያብረቀርቃል።

ቤቷ በጣም ጠባብ ናት፤ ከቀትር በኋላ ቦታ ማግኘት ይቸግራል፤ እጅ መታጠቢያውም በር ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ብቻ መሆኑ ሊስተካከል ይገባል።

ከበረካ በኋላ ጊዜ የተረፈው ሰው፣ በአዲስ አበባ መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ቦዬ ረግረግ ቢሄድ መልካም ነው። አመሻሹ ላይ ጉማሬዎች ከውኃው ብቅ ይላሉ፤ ስለዚህ ከዳርቻው ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል።