ጌጁ 15 ይላል፣ ስፖሩ ግን አልሞተም፦ የምድጃ አውቶክሌቫችን ከወራት አገልግሎት በኋላ

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለዚህ አውቶክሌቭ (በታፈነ እንፋሎት ዕቃ ማምከኛ ድስት) ለጠየቀኝ ሁሉ «ግዙት፣ አትቆጩም» እል ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ ከተማችሁ ከባህር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንዳለች እጠይቃለሁ። መልሳችሁ አዲስ አበባ ከሆነ ትንሽ ታገሱኝና ላውራችሁ።

ዕቃው ምድጃ ላይ የሚጣድ፣ ወፍራም የአሉሚኒየም አውቶክሌቭ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን በብሎን ይታሰራል። ላዩ ላይ የግፊት ጌጅ፣ እንፋሎት ማስወጫ ቫልቭ እና ግፊት ሲበዛ ራሱ የሚከፈት ሴፍቲ ቫልቭ አለው። ቴርሞሜትር የለውም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ።

የገዛነው ለዩኒቨርሲቲያችን የማይክሮባዮሎጂ ላብ (ላቦራቶሪ) ነው። ትልቁ አውቶክሌቭ ተበላሽቶ መለዋወጫ እየተጠበቀ ስለነበር ከትንሿ የምርምር በጀት ተቆርሶ ተገዛ። በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፣ በሞዴል 22 በእኔ ስም ወጣ። ስለዚህ በወረቀት ባለቤቱ እኔ ነኝ። ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ፣ ባይሠራ የማፍረውም እኔ።

መልካሙን ቶሎ ልናገርና ልገላገል። መብራት ሲጠፋ ቡታጋዝ ላይ ይጣዳል። ክዳኑ አያፈስም። በትንንሽ ቱቦ የምናዘጋጀው የባክቴሪያ ምግብ፣ ፈሳሹ ብሮዝም ሆነ የሚረጋው ኒውትረንት አጋር፣ እስካሁን አስቸግሮን አያውቅም። ጨረስኩ።

ጉዱ የወጣው አፈር ስናስገባ ነው። አንዱ የማስተርስ ተማሪዬ የባቄላ ባዮ ማዳበሪያ ላይ ይሠራል። ራይዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ የባቄላ ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ይኖራል፤ የአየር ናይትሮጅንንም ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጣል። ባክቴሪያውን እርሻ ድረስ የሚሸከመው ነገር ደግሞ ያስፈልጋል። የተማሪዬ ተሸካሚ በከረጢት የታሸገ ደቃቅ አፈር ነው። ራይዞቢየሙ ከመግባቱ በፊት አፈሩ ውስጥ ያለው ሁሉ መሞት አለበት። አለዚያ ነባሩ ባክቴሪያ እንግዳውን መቆሚያ ያሳጣዋል።

መመሪያው በጌጁ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ማለት 121 ዲግሪ ነው ይላል፤ ለወፍራም ዕቃ 30 ደቂቃ ስጡ ይላል። ሰጠነው። ከረጢቶቹ ላይ የተለጠፈው ኢንዲኬተር ቴፕም ጥቁር መስመሩን አወጣ። ከዚያ ምንም ካልተጨመረበት ከረጢት ቆንጥረን በንጹሕ ውሃ በጥብጠን ፕሌት (አጋር የረጋበት ሳህን) ላይ ዘራን።

በማግስቱ ኢንኩቤተሩን ስንከፍት ፕሌቶቹ ባዶ አልነበሩም። ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ጠርዛቸው የተጨማደደ ግራጫማ ኮሎኒዎች ተዘርግተዋል። ባክቴሪያን በቀለም የሚለየው ግራም ስቴይን ተሠራ። በማይክሮስኮፕ የታዩት ወይን ጠጅ ቀለም የያዙ ዘንጎች ናቸው፤ ብዙዎቹ መሃላቸው ላይ ቀለም ያልገባበት ሞላላ ነጥብ አላቸው። ያ ነጥብ ስፖር ነው፤ ባክቴሪያው ክፉ ቀን የሚያሳልፍበት፣ ሙቀት የሚቋቋም ምሽጉ። ባሲለስ የሚባለው ስፖር ሠሪ ባክቴሪያ ከነቤቱ ቁጭ ብሏል።

የላባችን ቴክኒሺያን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አንድ ጊዜ አዩና «ይሄ ከእጅ የመጣ አይደለም» አሉ። «ከእጅ ወይ ከአየር ቢሆን ዓይነቱ ይበዛ ነበር። ይሄ አንድ መልክ ነው። እሳት ያለፈበት ነው» አሉ። ከእሳቸው ጋር የሠራ ሰው ከዚህ በኋላ አይከራከርም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«ዶክተር፣ ጌጁ አረንጓዴው ላይ ደርሷል?»

«ደርሷል።»

«እንግዲያውስ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ምናልባት አየሩ ሳይወጣ ዘግተውት እንዳይሆን።»

(ዶክትሬቱን ገና አልጨረስኩም። ለእሱ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።)

ስለ አየሩ ያለው ውሸት አይደለም። አየር ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ጌጁ 15 እያለ ውስጡ 121 አይደርስም። ግማሹ አየር ከቀረ ሙቀቱ 112 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ይህን ተማሪ እያለን ተምረነዋል። ግን እኛ ቫልቩን የምንዘጋው እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ አሥር ደቂቃ ከወጣ በኋላ ነው። ጋሼ ባሉበት ላብ አየር ሳያስወጡ መዝጋት የለም።

ስለዚህ ከጎረቤት ላብ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቆይ ቴርሞሜትር ተዋስን። ከረጢቶቹ መሃል ሳይሆን ነጻው ቦታ ላይ፣ እንፋሎቱ እንደልቡ በሚያገኘው ቦታ አስቀመጥነው፤ ሰበብ እንዳይኖር። ጌጁ ቀጥ ብሎ 15 ላይ ቆየ። ሲቀዘቅዝ ከፍተን አየን። 117።

ጌጁ አልዋሸም። ጌጅ የሚለካው ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የእንፋሎትን ሙቀት የሚወስነው ግን ጠቅላላው ግፊት ነው፤ የጌጁና የውጭው አየር ድምር። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ንፍሮ የቀቀለ ሰው ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቀዋል። እዚህ በጌጁ 15 ላይ ስንደምርበት የሚመጣው 117 ነው። ቴርሞሜትሩ ያለው ይህንኑ ነው።

«አራት ዲግሪ ምን አላት?» የሚል ይኖራል። ብዙ አላት። ሙቀት ለሚቋቋሙ ስፖሮች የላብ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አሥር ዲግሪ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ጊዜ አሥር እጥፍ ይሆናል። አራት ዲግሪ ሲቀንስ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ። በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚበቃው ሥራ በ117 ወደ 38 ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው። ቴፑ ግን ጠቁሯል! ቴፕ ሙቀት እንደነካው እንጂ ስፖሩ መሞቱን አይናገርም። ያንን የሚናገረው የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖር ያለበት ብልቃጥ ነው። ከአውቶክሌቭ ወጥቶ 55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፤ ወይን ጠጁ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ስፖሩ በሕይወት አለ። ተማሪዬ አንድ ብልቃጥ ከየት እንዳመጣ አልነገረኝም። እንደ ፀሐይ ቢጫ ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ገላዬን ስታጠብ እንኳ ከሻጩ ጋር እከራከራለሁ።

«መመሪያው የፋብሪካው ነው፤ እኛ አልጻፍነውም» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ሱቅህ ጅቡቲ ነው እንዴ? የምትሸጠው አዲስ አበባ፣ የምትልከው ደብረ ብርሃንና ጎንደር። አውቶክሌቭን እ.ኤ.አ. በ1879 በፓስተር ላብ የሠራው ሻርል ሻምበርላን ፓሪስ ነበር፤ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ይህ ነገር ባያሳስበው አልፈርድበትም። አንተ ግን ከቢሮህ መስኮት እንጦጦ ይታይሃል።

«ታዲያ ግፊቱን ከፍ ማድረግ ነው» ይለኛል።

እዚህ ላይ ነው የምቃጠለው። ደንቡን አውቀዋለሁ። በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ገደማ ይጨመራል። ለአዲስ አበባ 19 አካባቢ፣ ለደብረ ብርሃን ወደ 20 ይመጣል። ጥሩ። እሳቱን ከፍ አደረግን። ጌጁ 16፣ 17 እያለ ወጣ። 18 ሲደርስ ሴፍቲ ቫልቩ «ሽሽሽ» ብሎ ተከፈተና ላቡን በእንፋሎት ሞላው። ፋብሪካው እዚያ ላይ እንዲከፈት አድርጎ ዘግቶታል። ማስተካከያ የለውም። ይህ ዕቃ አዲስ አበባ ላይ 121 ዲግሪ መድረስ አይችልም። ቢፈልግም አይችልም።

አንድ ባልደረባዬ ስፕሪንጉን ትንሽ እናጥብቀው አለ። ጋሼ አንድ ቃል ሳይናገሩ ብቻ አዩት። ሴፍቲ ቫልቭ አይነካም። እናንተም አትንኩ።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ለፈሳሽ ሚዲያ (ለባክቴሪያ ምግቡ) 40 ደቂቃ እንሰጣለን። ስኳር ያለበት ሚዲያ ግን ይህን አይወድም፤ ይጠቁራል። አሲዳማ አጋር ደግሞ ሲበዛበት ይላላና ባክቴሪያ የምንዘራበት ሽቦ፣ ሉፑ፣ ገጹን ይቀደዋል። አፈሩን በጆን ቲንዳል ዘዴ ነው የያዝነው፦ ዛሬ ማምከን፣ በክፍል ሙቀት ማሳደር፣ ነገ መድገም፣ ከነገ ወዲያ መድገም። ከመጀመሪያው ሙቀት የተረፈው ስፖር ሌሊት ይነቃል፣ የነቃውን በማግስቱ መግደል ቀላል ነው። ይሠራል። ፕሌቶቹ አሁን ባዶ ናቸው። ግን ለአንድ ዙር አፈር ሦስት ቀን ሙሉ ቡታጋዝ ነው። የቡታጋዙን ወጪ ለፋይናንስ እንዴት እንደማስረዳ ሻጩ መጥቶ ይንገረኝ።

ከቴርሞሜትር ጋር የሚመጣው፣ እስከ 21 ፒኤስአይ የሚሄደው ሞዴል ያኔ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። «ተረፈን» ብለን ደስ ብሎን ነበር። አሁን ሳስበው ያናድደኛል፤ ከረጢቶቹ ንጹሕ ሲወጡ ደግሞ ትንሽ እበርዳለሁ።

ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ላብ ያላችሁ፣ ይህን ዕቃ ያለ ስጋት ግዙት። ድሬዳዋ ላይ 17 ይበቃችኋል፣ ቫልቩም እስከዚያ ይፈቅዳል። ባሕር ዳር ድንበሩ ላይ ናችሁ፤ ጌጅ ትንሽ ቢሳሳት ቫልቩ ይከፈታል። ከዚያ በላይ ያላችሁ ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ሴፍቲ ቫልቩ ስንት ላይ ይከፈታል? ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ። የእኛው እዚህ ይቀራል። ትልቁ ሲጠገን ያገለገሉ ፕሌቶች ከመጣላቸው በፊት ማምከኛ ይሆናል። እዚያ ላይ 40 ደቂቃም ቢፈጅ ማንም አይቸኩልም።