የአባቴን ቮልስ ሞተር ከመጣል ላዳኑልኝ የኮምቦልቻ መካኒክ

ስማቸውን ፌስቡክ ላይ እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። «ሥራ በዝቶብኛል፣ ሰው እንዳታግተለትልብኝ» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ስም የለም። ምስጋናው ግን አይቀርም።

ነገሩ የአባቴ ቮልስ ናት። እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር። አምና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ አቃታት። ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀች በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት ጭነት የያዘ አይሱዙ ቀድሞኝ አለፈ። ከዚህ በላይ ውርደት የለም።

መጀመሪያ ያሳየሁት ጋራዥ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ «ሞተሩ አልቋል፣ ቀይረው» አለኝ። ጀርመን ያለው ወንድሜ ታድሶ የተዘጋጀ ሞተር አፈላልጎ አገኘልኝ። ግን መቶ ኪሎ ገደማ ብረት በጅቡቲ ማስመጣት፣ ቀረጡ፣ ማጓጓዣው... ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዩሮን በብር ማባዛት ለጤና ጥሩ አይደለም። ቢሆንም ልከፍል ቆርጬ ነበር። አንድ የሰፈር ሰው ነው «ብሩን ከመላክህ በፊት ቦርከና ማዶ ያሉትን ሰውዬ አሳያቸው» ያለኝ።

ጋሼ ሞተሩን አላስነሱትም። ከኋላ ቁጢጥ ብለው ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ በሁለት እጃቸው ያዙና ገፋ፣ ሳብ አደረጉት። «ስማ» አሉኝ። ጠቅ የምትል በጣም ቀጭን ድምፅ። «ይቺ ምንም አይደለችም። ይሄ ቢንገጫገጭ ኖሮ ኬዙ፣ የሞተሩ ዋና አካል፣ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው፤ ያኔ እኔው ራሴ ሌላ ግዛ እልህ ነበር።» ቀጥለው ካንዴላዎቹን አውልቀው የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን (ግፊት) ለኩ። ከአራቱ ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ብቻ ወርዷል። ምንም አልገረማቸውም። በዚያ ዘመን ቮልስ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚመጣውን የፋን አየር ይጋርድበታል። ስለዚህ ከሌሎቹ አብልጦ ይግላል፣ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። «አንዱ ስለታመመ አራቱን ትቀብራለህ እንዴ? አብሽር» አሉኝ።

ሞተሩ የተያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ቡናዬን ሳልጨርስ አወረዱት። ሲበተን ኬዙ ደህና ነው። የሦስተኛው የጭስ ቫልቭ ግን ጠርዙ አይጥ የቀመሰው ዳቦ መስሏል። ፋሻዎቹም (የፒስተኖቹ ቀለበቶች) አልቀዋል።

እኔ ጭራሽ ያላሰብኩትን ነገር ያነሱትም እሳቸው ናቸው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር የተመታው ኬዙ ላይ ነው፣ ከጄነሬተሩ ሥር። ሞተር ስትቀይር ቁጥሩም ይቀየራል፤ የጉምሩክ ወረቀት ይዘህ ሊብሬ ማስተካከል ትጀምራለህ። ኬዙ ከቆየ ቁጥሩም ይቆያል።

ደግሞ ቮልስ በአየር የምትቀዘቅዝ ስለሆነች ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ ይወልቃሉ። ቶርኖ ቤት መሄድ ሳያስፈልግ ከነፒስተናቸው በአዲስ ይተካሉ። ወንድሜ ባለ 77 ሚሊሜትሩን ሙሉ ስብስብ፣ ብሮንዚና (ክራንኩ የሚዞርበትን ተሸካሚ) እና ቫልቭ ጨምሮ፣ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ላከልኝ። ያ ሁሉ የጅቡቲ ሐሳብ ሻንጣ ውስጥ ገባ! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል ብለው ካርቡሬተሩንም ለዚያ አስተካከሉልኝ።

እውነቱን ለመናገር ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ሦስት ሳምንት ያሉኝ ሥራ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ስልክ አያነሱም። ሲሠሩ አጠገባቸው ከቆምክ ይቆጣሉ፤ እኔ ሁለቴ ተባርሬያለሁ። ሒሳብ ላይ ግን የወለቀውን ዕቃ በሙሉ በካርቶን አድርገው ቆጥረው ነው ያስረከቡኝ፣ የተቃጠለውን ቫልቭ ጭምር። አሁን ቤቴ መደርደሪያ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ወጣኋት። ጭስ የለም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

አሮጌ ቮልስ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እነግራችኋለሁ። ሰው እንዳታመጣ ያሉኝን እኔ እችለዋለሁ። ስትሄዱ ዘይት ገዝታችሁ ሂዱ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ይበቃል። «ሞተር ልቀይር» ብላችሁ ግን ወሬ እንዳትጀምሩ።