በዩኒቨርሲቲ መምህራን ይወስኑ ወይስ ቦርድ?

ቦርድ ይፈጥናል። በጀት ሲጎድል በአንድ ስብሰባ ይቆርጣል። ግን ትምህርት ክፍል ሲዘጋ መምህሩ ወሬውን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሊሰማ ይችላል። ይሄ ያማል።

የመምህራን ጉባኤ ቀርፋፋ ነው። አንድ ኮርስ ለመቀየር ከትምህርት ክፍል ወደ ፋኩልቲ፣ ከዚያ ወደ ሴኔት መሄድ አለ፤ ሴሚስተር ሊያልፍ ይችላል። ሆኖም ጉባኤው ሥልጣን ካለው ጥርስ አለው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲን ጉባኤ እዩት፦ እ.ኤ.አ. በ1985 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የክብር ዲግሪ እንዳይሰጣቸው 738 ለ319 በሆነ ድምፅ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ለሆኑ ሰዎች ሰፊ ቦታ የሚሰጥ የአስተዳደር ለውጥ ውድቅ አደረገ።

ሕንፃውንና ገንዘቡን ቦርዱ ይያዝ፣ ግድ የለም። ምን ይማሩ፣ ማን ያስተምር፣ ማን ይመረቅ የሚለው ግን ጠመኔ ለያዘው ሰው ይተው።