ሁሉም የሚደመጥባት ክፍል፦ ለአንዲት የድሬ ነርስ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ለምትኖሩ፣ በተለይ ከገጠር ቀበሌ ዘመድ እያመጣችሁ ለምታሳክሙ ሰዎች ነው። ከተማችን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ታካሚ ልየታ ላይ የምትሠራ ነርስ አለች። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ። ምስጋናዬ ለእሷ ነው፤ ጥቆማው ደግሞ ለእናንተ።

የጎረቤቴ እናት የጀልዴሳ ሰው ናት። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ ነው የሚላት። ሶማሊኛ ትናገራለች፤ ኦሮምኛም ትሰማለች፤ አማርኛዋ ግን ከሰላምታ አያልፍም። ሳል ይዟት ትንፋሽ ሲያጥራት ልጇ ለሥራ ጅቡቲ ስለነበር እኔ ይዣት ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድነው ሌላ ቦታ ነበር። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ኤዶን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ዕድሜዋንም ሕመሟንም የጠየቀው እኔን ነው። የእኔ ሶማሊኛ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። "ቋንቋ የሚችል ሰው ይዛችሁ ኑ" ተባልን። ከኋላችን የመጡ፣ ደህና የለበሱ፣ አማርኛ እንደልባቸው የሚናገሩ ሰዎች ገብተው ወጡ። ኤዶ የጫማዋን አቧራ በእጇ ጠረግ ጠረግ ስታደርግ ሳይ አንጀቴ አረረ።

እኛ ጋ መድልዎ ብዙ ጊዜ ድምፁን አያሰማም። ማንም ሰው ኤዶን በዘሯ አልሰደባትም። ዝም ብለው አለፏት። ቋንቋዋ፣ መልኳ፣ የልብሷ አቧራ ተደማምረው ከወረፋው ወደ ኋላ ገፏት። እንዲህ የተገፋ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሲታመም ቤቱ ይተኛል እንጂ ተመልሶ አይመጣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በቋንቋ ሳይለይ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ካርድ ክፍሉ መስኮት ድረስ ግን አልደረሰልንም።

ሲስተርን የጠቆመችን አንዲት የሰፈር ሴት ናት። በባጃጅ ሄድን። ሲስተር ገና ስታያት "ሆዮ" (በሶማሊኛ እናት ማለት ነው) ብላ ጠራቻት፤ ወንበር ሰጠቻት፤ ሕመሟን የጠየቀችውም ራሷን ኤዶን ነው። ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀያየረች ነው የምትሠራው። አፋርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ሲመጣ ከግቢው ሠራተኞች ማንን እንደምትጠራ ታውቃለች፤ ስም ዝርዝሩን ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፋዋለች። በልጆች ግን አታስተረጉምም። ምክንያቷን ስትነግረኝ ልክ ነሽ አልኳት፦ እናት የማህፀኗን ሕመም በልጇ አፍ አትናገርም፤ ትደብቀዋለች። ሕፃን ልጅም "በቀን ሁለት" የተባለውን መድኃኒት "ሁለት ሁለት" ብሎ ሊያስተላልፈው ይችላል።

ወረፋውም በልብስ ወይም በትውውቅ የሚታለፍ አይደለም። ማን ይቅደም የሚለውን የምትወስነው በሕመሙ ክብደት ነው። አንድ ባለ ከረባት ሰውዬ "ቸኩያለሁ" ብለው ሊገቡ ሲሉ በትሕትና አስቀመጠቻቸው።

አሁን ልቤን ወደነካው ነገር ልምጣ። በጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ታውቁታላችሁ። የኤዶ ጣቶች ሂና ስለጠገቡ ሲስተር ያልተቀባ ጣት ፈለገች። መለኪያው 94 በመቶ አለ። እሷ ግን ቁጥሩን ብቻ አላመነችም። ሰዓቷን ይዛ የኤዶን ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ኤዶ ስትተነፍስ አንገቷና ጎድኗ እንዴት እንደሚሳቡ አየች። ከንፈሯንና ምላሷን አየች። ከዚያ ተነስታ ሐኪም ጠራች። ኦክስጅን ተሰጣት፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላከች። ዛሬ ኤዶ ጀልዴሳ ፍየሎቿ ጋ ናት፤ አላህ ይጠብቃት።

ቁጥሩን ለምን እንዳላመነችው በኋላ ጠየቅኳት። መሣሪያው በጣት ውስጥ ብርሃን እያሳለፈ ነው የሚለካው፤ ቆዳ ሲጠቁር ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ያነበበላቸውን ታካሚዎች ደማቸውን ወስዶ ካገኘው ውጤት ጋር አስተያየ። ከነጮቹ ልኬቶች በ3.6 በመቶው፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ በ11.7 በመቶው እውነተኛው ኦክስጅን ከ88 በታች ነበር። ደህና ናችሁ ተብለው ወደ ቤት ሊላኩ የሚችሉ ሰዎች ናቸው እነዚህ። መሣሪያው የሚሸጠው ለዓለም ሁሉ ነው፤ እኛም ጋ ያለው ያው ነው። ሲስተር ለተለማማጅ ነርሶች ይህን ታስተምራለች። የመማሪያ መጽሐፍ "ቀይ ሽፍታ" የሚለው በጠቆረ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ እንደሚችል ትነግራቸዋለች። ደም ማነስን ከፊት ቀለም ሳይሆን ከዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍልና ከመዳፍ እንዲፈልጉ ታሳያቸዋለች።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ይህ ሁሉ የቆመው በአንዲት ሴት ቅንነት ላይ ነው። የአሜሪካን ታሪክ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ ብዙ ሆስፒታሎች ጥቁሮችን በተለየ ክፍል ያስተኙ ነበር፤ ጭራሽ የማይቀበሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ተቋም መድልዎ እንዳይፈጽም ከለከለ። በ1966 ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሲጀመር ነጭና ጥቁሩን ሳይለይ በአንድ ክፍል የማያስተኛ ሆስፒታል ገንዘቡን አያገኝም ተባለ። ለዓመታት አይሆንም ሲባል የነበረው በብዙ ሆስፒታሎች በወራት ውስጥ ሆነ። ችግሩ ግን አላለቀም፤ ዛሬም እዚያ ጥቁር እናቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚሞቱት ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ቢሆንም ትእዛዝና በጀት አንድ ላይ ሲመጡ በር እንደሚከፈት አሳይቷል። እኛም ጋ በየካርድ ክፍሉ ቋንቋ የሚችል ሰው በደመወዝ ይመደብ እላለሁ። እንደ ድሬ ያለ ከተማ ውስጥ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ የጤና ጣቢያውን ስም በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ሂዱ። የጤና መድን ካርድና በቅርቡ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ማሸጊያ ያዙ። ታማሚው በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደሚፈልግ ካርድ ስታወጡ ወዲያው ተናገሩ። ጥሩ ከተስተናገዳችሁ ደግሞ በአስተያየት መዝገቡ ላይ ጻፉ፤ አለቆቿ የሚያነቡት እሱን ነው።

ለጤና ጣቢያው ኃላፊዎችም አንድ ልመና አለኝ። ሲስተር የምትሠራው በቀን ፈረቃ ነው። ማታ የሚመጣ የገጠር ሰው አያገኛትም። እባካችሁ የማታ ፈረቃ ላይ ቋንቋዎቹን የሚችል ሌላ ነርስ መድቡልን፤ ሲስተርም ታሰልጥናት፣ ፈቃደኛ ናት።